መጽሐፍ ስለሚያቋርጠው፣ ስልክ ስለሚሞላው ቻርጀር

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎ ጤናን፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ደኅንነትን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለስልክዎም የማይጎድል ባትሪ እመኛለሁ። ስልክዎን ከቤተሰብዎ ጎን ማንሳቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ምክንያቱን ከደብዳቤዬ ግርጌ ያገኙታል። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁትም ከዚህ በፊት አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ እስከ ዛሬ እንደታሸጉ መቀመጣቸውን ጸሐፊዎ በትሕትና ስላረጋገጠችልኝ ነው።

እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ታላቅ እህቴ ዓይነ ስውር ናት። ዓይኗን ያጣችው ጎልማሳ ሆና ነው፤ የጀመረችውን የሕግ ትምህርት ግን አልተወችም፤ አሁን የቀራት በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጠው የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ብቻ ነው፤ እሱም ደጅ ላይ ቆሟል። የምታጠናው በንባብ ክፍላችሁ ጥግ ባለችው የማንበቢያ መሣሪያ ነው። መሣሪያዋ መዳፍ የምታክል፣ ሁለ ነገሯ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያረፈ ኮምፒውተር ናት፤ በካሜራዋ ገጹን አይታ በድምፅ ማጉያዋ ታነባለች። እኔ ማታ ማታ ላነብላት ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የሕጉ አንቀጽ ሲረዝም እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ደግሞም እህቴ የምትወደው ማንንም ሳትለምን ማንበብን ነው።

ያቺ ኮምፒውተር ከበጎ አድራጊዎች ስትመጣ ብቻዋን አልነበረችም፤ ለእሷ ተብሎ የተሠራ አዳፕተር አብሯት ነበር። እህቴም ከሌሎች ገመዶች መካከል በዳሰሳ እንድትለየው አንገቱ ላይ የሱፍ ክር ቋጥራበት ነበር። በዚያ አዳፕተር መሣሪያዋ ከጠዋት እስከ መዝጊያ ሰዓት ሳትደናቀፍ ታነብ እንደነበር ጠረጴዛው ምስክሬ ነው። ከዚያ በኋላ ለሆነው ነገር ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በንብረት ቆጠራው ሰሞን ያንን አዳፕተር ከንባብ ክፍሉ አስነስታችሁ «የት እንደገባ አልታወቀም» በሚል ስላሰናበታችሁት አመሰግናለሁ። ቆጠራ ማለት ያለውን ማወቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ያለው እንዳይገኝ ማድረግንም ይጨምራል።

፪. ምትክ ለመግዛት ላሳያችሁት ትጋት ምስጋናዬ የላቀ ነው። አምስት ቮልትና ሦስት አምፔር እንደሚያስፈልጋት በመሣሪያዋ ካርቶን ላይ በጉልህ ተጽፏል፤ መጻሕፍት በሞሉበት ቤት አንባቢ ያጣው ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው። የግዢ ሠራተኛዎ ካርቶኑን ከማንበብ ይልቅ የቀዳዳውን ልክ ይዞ ገበያ ወጣ፤ ልክ የገባውንም ርካሽ የስልክ ቻርጀር በጅምላ ገዝቶ ተመለሰ። ስጠይቀው «ገባ አይደል እንዴ? ከገባ ምን ቀረ?» አለኝ። ክዳኑ ገጠመ ብዬ የሳል መድኃኒት ለጠየቀኝ ሰው የዓይን ጠብታ ብሰጠው ምን እንደሚለኝ አሰብኩ።

ዕቃ ተረካቢ ኮሚቴዎ በበኩሉ ነገሩን በዋዛ አላለፈውም። ቻርጀር የሚፈትንበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሰብሳቢው ስልካቸውን ይሰካሉ፣ አባላቱ አንገታቸውን አስግገው ይመለከታሉ፣ የባትሪው ምልክት ብልጭ ሲል «ሠራ!» ይባልና ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። በእውነቱ እንከን የማይወጣለት ፈተና ነው፤ ለስልክ። ስልክ ትዕግሥተኛ ፍጡር ነው፤ ጠብ ያለለትን እየተቀበለ ቀስ ብሎ ይሞላል። ያቺ ኮምፒውተር ግን ባትሪ የላትም፤ ኑሮዋ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ካሜራው መብራቱን አብርቶ ድምፅ ማጉያው ሊያነብ ሲጀምር የሚመጣላት ኃይል ካልበቃት እዚያው በቁሟ ትጠፋለች። ይህንኑ ገልጬ ቅሬታ ባቀርብ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበና በዚህኛው ጊዜ ቻርጀሩን በምክትል ሰብሳቢው ስልክ ፈተነው። እሱም ሞላ።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ሪፖርታችሁ ነው። ኮምፒውተሯ ኃይል ሲያንሳት፣ ስክሪን ከተሰካላት፣ በጥጉ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ታወጣለች፤ በእሷ ቋንቋ «ደከመኝ፣ ልወድቅ ነው» ማለቷ ነው። ኮሚቴዎ ይህንን አይቶ «የመብረቅ ምልክት በማሳየቷ የኃይል አቅርቦቱ ከበቂ በላይ መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። የበሽተኛን ማቃሰት ዘፈን መስሎት ያጨበጨበ ሰው በሥራ ዘመኔ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

የዚህ ሁሉ ፍሬ እነሆ። እህቴ መጽሐፏን ታስቀምጣለች፤ መሣሪያዋ «ውል ሊፈርስ የሚችለው» ብላ ትጀምርና ጭጭ ትላለች። ትንሽ ቆይታ እንደ አዲስ ትነሳና «እንኳን ደህና መጡ፤ መጽሐፍዎን ያስቀምጡ» ትላለች። እህቴም መጽሐፉን ታስቀምጣለች፤ መሣሪያዋም «ውል ሊፈርስ የሚችለው» ብላ እንደገና ጭጭ ትላለች። በዚህ ዓመት እህቴ ከሕጉ ይልቅ እንኳን ደህና መጡን በቃሏ አጥንታለች። ውል በምን ምክንያት እንደሚፈርስ ፈታኞቹ ቢጠይቋት ምን እንደምትመልስ እኔ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከዚሁ መጥፋትና መነሳት የተነሳ የመሣሪያዋ ሚሞሪ ካርድ ተበላሸ፤ እህቴ ገጽ በገጽ እያስነበበች ያስቀመጠችው ሁሉ ጠፋ። ሲነገራት አልጮኸችም። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «እንግዲህ እንደገና እጀምራለኋ» አለች። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ አልቆብኛል። ተናድጃለሁ፤ አንጀቴ አርሯል። ዓይኗን ስታጣ ማንንም አልወቀሰችም፣ የሚወቀስም አልነበረም፤ የዚህኛው ግን ባለቤት አለው።

ወደ ጨዋነቴ ልመለስ።

፬. መሥሪያ ቤትዎ ነገሩን መርምሮ ጥፋተኛዋ ኮምፒውተሯ ናት በማለት «ብልሹ» ብሎ መዝግቧታል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ደግነቱ የጥገና ክፍልዎ ተስፋ አልቆረጠም። «ኃይል አነሰኝ ካለች እንጨምርላታ፣ ምን ችግር አለው?» ብሎ ባለ አሥራ ሁለት ቮልት አዳፕተር ይዞ፣ ጫፉን ቆርጦ ሊቀጥልላት መጣ። የንባብ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም «ጸጥታ» የምንላት ሴት፣ ባትደርስላት ኖሮ ያቺ ኮምፒውተር ዛሬ ከሰል ነበረች። ጸጥታ በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው፤ «አትንኳት!» ብላ መሣሪያዋን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት፤ ቁልፉንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የጥገና ሠራተኞቹ ሄደው እስኪረሱት ድረስም አላወጣቻትም።

ለሚቀጥለው ኮሚቴ እንዲመች ነገሩን በመድኃኒት ቤት ቋንቋ ላስረዳ። ቮልት ማለት በሐኪም የታዘዘ መጠን ነው፤ አምስት ከተባለ አምስት ነው፤ ጨምሮ መስጠት በሽተኛውን መግደል ነው። አምፔር ግን በመደርደሪያዬ ላይ ያለው ክምችት ነው፤ ከሚፈለገው በላይ ቢኖር ማንንም አይጎዳም፣ በሽተኛው የሚወስደው የሚበቃውን ያህል ነው፤ ካነሰ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። እናንተ መጨመር በማይገባው ላይ ቸር፣ መቆጠብ በማይገባው ላይ ቆጣቢ ሆናችሁ። በቻርጀሮቹ ጀርባ ላይ «ሦስት አምፔር» ተብሎ ተጽፏል የሚል ክርክር ቢነሳም፣ አንዱን አምፔር ሲጠይቁት የሚያልበው ዕቃ ጀርባው ላይ የፈለገውን ቢጽፍ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

፭. ከንባብ ጠረጴዛው አጠገብ የነበረውን ሶኬት ለውኃ ማቀዝቀዣው ሰጥታችሁ፣ ለኮምፒውተሯ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ፣ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ኬብል ስለዘረጋችሁላትም አመሰግናለሁ። ከቻርጀሩ የምትወጣው ጥቂት ኃይል በዚያ ርቀትና ቅጥነት ላይ ግማሿ መንገድ ትቀራለች። ውኃው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፈተናው ሳይደርስ፣ አምስት ቮልቱን ሳያጎድል የሚሰጥ፣ ሦስት አምፔር ሲጠየቅ የማያልበው፣ ገመዱ አጭርና ወፍራም የሆነ አንድ አዳፕተር ለንባብ ክፍሉ ይሰጥልኝ። ኮሚቴውም ሲረከብ ስልኩን ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ አዳፕተሩን ኮምፒውተሯ ላይ ይሰካና አንድ ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያስነብባት። ምናልባት በዚያው ውል በምን እንደሚፈርስ አባላቱም ያውቁ ይሆናል።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ፊርማዎ አይድረቅ፣ ስብሰባዎ ያለ ውሳኔ አይበተን እያልኩ፣ እንደ መሣሪያችን በየመካከሉ የማይቋረጥ አክብሮቴን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ ጎረቤት፣ የሳልዎ መድኃኒት አቅራቢ፣
የአንዲት ተፈታኝ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰኞ ከእህቴ ጋር ቢሮዎ መጥተን፣ እርስዎ ለአዳፕተር የሚሆን በጀት አለመኖሩን በሰፊው ሲያስረዱን፣ እህቴ ቦርሳዋን ከጠረጴዛዎ ሥር ልታስቀምጥ እጇን ሰደደች። እጇም ከግድግዳው ሶኬት ወደ ስልክዎ የሚወጣውን ገመድ አገኘው፤ አንገቱ ላይ የሱፍ ክር ተቋጥሮበታል። ያኔውኑ ያልተናገረችው ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ብላ ነው፤ ማቋረጥ የመሣሪያዋ ሥራ ነው። የነገረችኝ በረንዳው ላይ ከወጣን በኋላ ነው፤ ድርጊቱ በሕግ ምን ተብሎ እንደሚጠራም ጨምራ ነግራኛለች፤ ያንን ምዕራፍ ያነበበችው ከንብረት ቆጠራው በፊት ስለነበር አልተቋረጠባትም። ስልክዎ ያለ ኃይል ይቀራል ብለው ግን አይስጉ፤ ኮሚቴዎ የተረከባቸው ቻርጀሮች መጋዘኑን ሞልተውታል፣ ስልክ እንደሚሞሉም በቃለ ጉባኤ ተረጋግጧል። የእኛን ሲመልሱልን ቋጠሮውን አይፍቱብን፤ እህቴ የምታውቀው በእሱ ነው።