ረጅሙ ጨዋታህ

ውድ ባለቤቴ፣

ከሞትክ ዓመት አለፈ። በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ለውድድር ስትሄድ በስልክ እንገናኝ ነበር፤ ስትመለስ ደግሞ ሁለታችንም ወሬ የሚበዛን ሰዎች አልነበርንም። አሁን ግን ሳልነግርህ ብቀር እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ገጥሞኛልና፣ ባትሰማኝም ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

የቼዝ ክበቡ ሰዎች ባለፈው ቅዳሜ መታሰቢያ አደረጉልህ። አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሳ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ዛሬም «ጭምቱ» ነው የሚሉህ፤ በስምህ የሚጠራህ የለም። ከአንተ ጋር የተጫወቱ ሽማግሌዎችም፣ ዓይንህን አይተው የማያውቁ ወጣቶችም ጨዋታዎችህን በቃላቸው ይዘዋቸዋል። አንዱ ተነስቶ ንግሥትህን በገዛ እጅህ ሰጥተህ ያሸነፍክበትን ጨዋታ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ሲያሳይ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። «ሌላው ተጫዋች ወታደርን የሚያያት እንደ አቧራ ነው፤ ጭምቱ ግን ትንሿን ወታደር እንደ ልጁ ነበር የሚያሳድጋት» አለ። ምንም ሳያውቅ ነው የተናገረው። እኔ ግን ጭኔ ላይ ያለውን ቦርሳ አጥብቄ ያዝኩ።

እኔም እኮ ጨዋታህን እወደው ነበር። በተጋባን ሰሞን አካሄዱን አስተምረኸኝ፣ እኔ ስፌቴ ላይ፣ አንተ ከጎኔ ሰሌዳህ ላይ እናመሽ ነበር። «ማሽንሽ ዝም ሲል የኔም ሐሳብ ይቆማል» ትለኝ ነበር። ጥሩ ነገር ያገኘህ እንደሆነ ጆሮህን ስትጎትት አይሃለሁ። «ምን አገኘህ?» ስልህ እየተቻኮልክ ታሳየኛለህ። ፈረስህ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ማንም ካልጠበቀው ጥግ ብቅ ሲል፣ ባሌ ለካ ቀልደኛ ሰው ነው እላለሁ። ሰው ፊት የማትቀልደውን ሁሉ የምትቀልደው እዚያ ሰሌዳ ላይ ነበር።

በመታሰቢያው መጨረሻ ረጅሙን ጨዋታህን አመጡት። መቼም አይተውትም። «የትዕግሥት ትምህርት» የሚሉት እሱን ነው፤ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል፣ አሠልጣኞች ለጀማሪ ያሳዩታል። ተናጋሪው «ማሸነፉን እያወቀ አልቸኮለም፤ ተጋጣሚውን እንደታጠበ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ጨመቀው» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ አላጨበጨብኩም። ያን ጨዋታ የተጫወትከው ልጃችን በሞተበት ቀን ነው።

አንተ ሌላ ከተማ ለውድድር እንደሄድክ ነበር ትኩሳቱ የያዘው። ጠዋት ሐኪሞቹ «አይዞሽ፣ ይሻለዋል» አሉኝ። ከቀትር በኋላ አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳቡት። ከሆስፒታሉ ኮሪደር የውድድሩ አዳራሽ ደወልኩ። ዳኛው አንተን ጠርቶ እስኪመጣ በስልኩ ውስጥ የሰው ሳልና የወንበር መንሿጠጥ እሰማ ነበር። «ልጃችን ሄደ» አልኩህ። «እመጣለሁ» ብለህ ዘጋኸው። ባቡሩ የሚነሳው በማግስቱ ንጋት ላይ ነበር።

ስትደርስ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ለቀብሩ ደርሰሃል። ከቀብር መልስ እህቴ ጋዜጣ አጣጥፋ ልትደብቅ ስትል አየኋትና ተቀበልኳት። ሰሌዳ ላይ ያጎነበስክበት ፎቶግራፍህ ነበር። መኝታ ቤት ጠራሁህ።

«ተጫወትክ?» አልኩህ።

«ተጫወትኩ።»

«ከነገርኩህ በኋላ?»

«አዎ።»

«አሸነፍክ?»

መሬት መሬቱን እያየህ «አሸነፍኩ» አልክ።

ሌላ አልተናገርንም። በሳምንቱ ማሽኔን ወደ ጓዳ አዛወርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሰሌዳህን ዞሬ አላየሁትም። አንድ ማዕድ በልተን፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አረጀን። ስታመም አስታመምከኝ፣ ስትታመም አስታመምኩህ። ሰው «የተባረከ ትዳር» ይለን ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ተመልሰህ የተቀመጥክበትን ወንበር ከልቤ ማውጣት አቅቶኝ ኖርኩ።

ከመታሰቢያው ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ የዚያ ቀን ተጋጣሚህ። ሰሌዳ በብብቱ ይዞ፣ ደረጃው ትንፋሽ አሳጥቶት ቆሟል። አርጅቷል። ያለቀ ጨዋታ ይዞ እስከ መጨረሻው ስለቆየ፣ እጅ መስጠት የማያውቅ ደረቅ እየተባለ ሲሳቅበት የኖረ ሰው ነው። ሻይ ቀዳሁለት፤ አልነካውም።

«እህቴ፣ ትናንት ሳያጨበጭቡ አየሁዎት» አለኝ።

«ምን ብዬ ላጨብጭብ፣ ዶክተር?»

«እውነትዎን ነው። እኔ ግን እሱ ነግሮዎታል ብዬ ነበር የምኖረው። ትናንት ፊትዎን ሳይ እንዳልነገርዎት ገባኝ።»

«ምኑን?»

ሰሌዳውን ዘረጋ። እሱ እየነገረኝ ጠጠሮቹን የደረደርኩት እኔ ነኝ። የቀረው ጥቂት ነው፤ የአንተ ንጉሥ፣ ግንብና አንዲት ወታደር፣ የእሱ ንጉሥና ፈረስ።

«ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ ፊቱ ወረቀት መስሏል» አለኝ። «ዳኛው በጆሮዬ ነገረኝ። ይቁም፣ ሌላ ቀን ይሁን ብለን ለመንነው። ‹ባካችሁ እንጫወት› አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። እዚህ ላይ ደረስን፤ ይችን ወታደር ይዩልኝ። አንድ እርምጃ ብትገፋ ንግሥት ትሆናለች፣ እኔም አለቀልኝ። እሱ ግን ግንቡን ወደ ጎን ወሰደው።»

«አላያትም?»

«ትናንት ቼዝ የጀመረ ሰው ያያታል፣ እህቴ። ጭምቱ ነው የማያያት? በሚቀጥለውም እንደዚያው። ግንቡን ወደ ላይ፣ ንጉሡን ወደ ታች፤ ጨዋታው አቻ ነው እንዳይባል ደግሞ መንገዱን እየለዋወጠ። ተሸንፌያለሁ ብዬ እጄን ልዘረጋ ስል ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥርስ ስነቅል ነው የኖርኩት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉጠቱን አይቶ ‹ትንሽ ቆይልኝ› ሲል ዓይኑ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ያን ዓይን ነው ያየሁት። ጨዋታው ካለቀ መነሳት አለበት፤ ከተነሳ ደግሞ ልጁ ሞቷል። እጄን መለስኩና ፈረሴን አንቀሳቀስኩ።»

«የቀረውን ያሳዩኝ» አልኩት።

አንዱንም ሳያስቀር አሳየኝ። ግንብህ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ንጉሥህ ማዶ ደርሶ ይመጣል። ወታደሯን ንክች አላልካትም። ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበለትን መጭመቅ ብፈልገው አጣሁት፤ መውጫ በሩ ፊት ለፊቱ ተከፍቶለት ክፍሉ ውስጥ የሚንጎራደድ ሰው ነው ያየሁት። ተመልካቹ ሰልችቶት ወጣ አለኝ። የሌሎቹ ጠረጴዛ ተነሳ። ሁለታችሁ ብቻ ቀራችሁ።

«እንዴት አለቀ ታዲያ?»

«የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ‹ጌቶቼ፣ በሩን ልዘጋ ነው› አለችን። ያኔ ገፋት። ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ‹አሁን ለእናቱ ምን እላታለሁ?› አለኝ።»

ጨርቅ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ፊቴን እንዲያይ አልፈለግኩም ነበር። ስመለስ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው እየመለሰ አገኘሁት።

«እርስዎስ ለምን ዝም አሉ? ይህን ሁሉ ዓመት ሲስቁብዎት?»

«ይሳቁ። የሰውን ሐዘን አደባባይ አውጥቼ የራሴን ስም ላጥራበት?» አለና ኮቱን ለበሰ።

ከሄደ በኋላ ተናደድኩብህ፤ አልዋሽህም። ሞተህም ተናደድኩብህ። ምነው «መነሳት አቃተኝ» ብትለኝ? ይህችን ብቻ ብትለኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር። እኔም እኮ አልተነሳሁም። አንሶላውን ከሳቡት በኋላ ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ማሰሪያውን ስፈታ፣ መልሼ ስቋጥር፣ ደግሞ ስፈታ ነበር የቆየሁት። ነርሶቹ ብብቴን ይዘው እስኪያነሱኝ ድረስ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእህቴም። አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ አንድ ነገር ስናደርግ ነበር የዋልነው፤ ከዚያ ግን እንደ ባዳ ተያይተን አረጀን።

የክበቡ ሰዎች ጨዋታዎችህን በአንድ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። ይህን ደብዳቤ ከረጅሙ ጨዋታህ አጠገብ እንዲያስገቡት እሰጣቸዋለሁ። ዶክተሩን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ፤ «እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ» አለኝ። ከእንግዲህ አንድም ሰው እንዳይስቅበት እፈልጋለሁ። አንተንም ያድንቁህ፤ የሰጠሃትን ንግሥት፣ ያሳደግካቸውን ወታደሮች፣ የፈረስህን ቀልድ ያድንቁልህ፣ ሲያንስህ ነው። በዚያኛው ላይ ግን ትዕግሥት የሚለውን ቃል እንዲፍቁት እነግራቸዋለሁ። ምን ብለው እንደሚተኩት ለእነሱ ትቼዋለሁ፤ እኔ ቃል አላገኘሁለትም።

በዶክተሩ አልቀናሁም ብል ውሸቴን ነው። ፊት ለፊትህ መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ብሆን የጽዳት ሠራተኛዋን ቁልፉን ለምኜ አስቀርቼ፣ ባቡሩ እስኪነሳ አጫውትህ ነበር።

የልጅህ እናት