የጠሀ ምርቃት

ወንድሜ ዘመድኩን፣ ፒፓህ ተርፏል፤ እፎይ በል!

ያንን ዴንማርካዊው ፒፓ ሠሪ በእጁ ቀርጾ ላዩን እንደ ዛፍ ቅርፊት ሸካራ አድርጎ የተወውን ፒፓህን፣ በጥርስ የሚያዘው ጫፉ እንዲጠገን መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ለሚሠራ ጠሀ ለሚባል ባለሙያ ሰጥቼ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ጫፉን አሳምሮ ጠግኖታል፤ ግን ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ሸካራው ላይ አቀርቅሯል። "ተው!" ብዬ ስጮኽ ሌባ ያየሁ መስሎት ሰዉ ሁሉ ግር ብሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ፈረንጁ ሳይጨርሰው ነው የሸጠልዎት። ለምርቃት ላለስልሰው ብዬ ነው" አለኝ። እኛ ደብረ ማርቆስ ጠጋኝ ሦስት ቀን ይለመናል፤ መርካቶ ግን ምርቃት ሳይጨምር አይሸኝህም።

"ሆን ብሎ ነው እንዲህ የተወው" አልኩት። በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና፣ "ማቆም የሚያውቅ ሰው ነዋ!" ብሎ ወረቀቱን ጣለው።

ይህ ፖስት ካርድ ጠበበኝ። ሠርኬንና ልጆቹን ሳምልኝ። አንዲት ጥፍር የምታህል ቦታ ግን ከመጮኼ በፊት ለስልሳለች። ይህ ካርድ ቀድሞኝ ይድረስና፣ ተቆጥተህ ጨርሰህ ጠብቀኝ።

ያንተው ማስረሻ