ጆሮውን ኮፈኗ ላይ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤ በሩቅ ሆነህ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ ከሁላችንም በላይ ደህና ነኝ ባዩ አባባ ነው።

አርባ ዓመት ሞተር ሲጠግን የኖረው አባታችን፣ ማክሰኞ ዕለት አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች አሮጌ መኪና ሊገዛ መረመረ። ዘይቷን አሸተተ፤ ጎማዋን በእርግጫ አናገረ፤ ጆሮውን ኮፈኗ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ስማ፣ ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው» አለኝ።

ሞተሩ አልተነሳም፤ ሻጩ የሰጠኝ ቁልፍ ገና እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ሻጩ ግን «እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ የት ይገኛል» ብሎ እጁን ጨበጠው።

ገዛናት። እሁድ እማማን አሳፍሮ፣ በገደሉ መንገድ አንተ ዘንድ ሊመጣ ነው። ቁልፉ ጠፋ አልኩት።

«ቁልፍ ምን ያደርጋል፣ ተነስታለች እኮ» አለኝ።

ናፍቆታችን ብዙ ነው፤ እስከ ቅዳሜ አንተው ብትመጣ ደስ ይለናል።

ታናሽህ