ያልተሳልኩት ስእለት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ በዘንድሮው ብርድ እንዴት ሆነልሽ? የደሴ ውርጭ ከበደ ሲሉ ሰምቼ ያንን ወፍራም ጋቢ ሳትደርቢ እንዳትወጪ ልልሽ አሰብኩ፤ እሺ እንደማትይኝ ባውቅም። እኔና ባለቤቴ ተወልደ ጤናችን ለክፉ አይሰጥም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጆሮሽ ስልክ አልሰማ ስላለሽ፣ ወንድሜ ኢያቄምም መልእክት ሲያቀብል ግማሹን ስለሚውጠው ይህን በአክስቴ ልጅ በተስፋለም እጅ ልኬልሻለሁ። ኢያቄም፣ ማርያምን፣ አንድም ሳትዘል አንብብላት!

እማዬ፣ ዛንዚባር ከሄደች ልጄ አይደለችም ማለትሽን ሰማሁ። ምነው እማዬ! አውቃለሁ፣ ያኔ ለጫጉላ እዚያ ሄደን የጀልባችን ሞተር ጠፍቶ ባሕር ላይ ስናድር፣ አንቺ ለሠርጉ እንደመጣሽ ካዛንቺስ ቤታችን ሆነሽ ድምፃችን ጠፋብሽ። ቂርቆስ ደጅ ወድቀሽ፣ ልጄን ካወጣህልኝ ዳግመኛ ባሕር አትሻገርም ብለሽ ተሳልሽ። እሱም ሰማሽ። ግን ሰው በሰው እግር ይሳላል እንዴ? ማን አማከረኝ?

የካዛንቺሱ ቤት ፈርሶ እዚህ ቡልጋሪያ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ አናት ላይ ከተከራየን ወዲህ እኔና ተወልደ በአንድ ቤት የምንኖር ጎረቤቶች ሆነናል። ከሥራ ይገባል፣ ይበላል፣ ፊቱን ወደ ስልኩ ያዞራል። እኔም ያው ነኝ፣ ምን እሱን ብቻ አማለሁ። ታዲያ ባለፈው ወር የሁለት ሰው ትኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አሥረኛ ዓመታችንን እዚያው በጀመርንበት እናክብር አለኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ! ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝና ፊቴ ጠቆረ። ስእለቱን ስነግረው ሳቀ። እኔ እንደማልስቅ ሲያይ ተቆጣ። ይሄንን ከቀረሽ ሁለተኛ ምንም አልጠይቅሽም ብሎኝ ወጣ። ተወልደን ታውቂዋለሽ፣ ካለ አለ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው።

ቢጨንቀኝ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። ስእለቱን መለወጥ የምትችለው የተሳለችው ናት፤ እሷ ትፍቀድ፣ በፈንታው ለቤተ ክርስቲያኑ በስሟ አንድ ነገር ይግባ አሉኝ። ለተወልደ ነገርኩት፤ ስልኩን እያየ ወደ ሶፋው ሄደ።

እሁድ ቂርቆስ አስቀድሼ ዞር ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? ተወልደ! ለጥምቀት ካልሆነ ነጠላ የማይነካው ሰውዬ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ትልቅ ጥላ ታቅፎ ቆሟል። ሚኒባሱ ይሄን ይዘህ አትገባም ብሎት ከመስቀል አደባባይ ጀምሮ በእግሩ መጥቶ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ቄሱ በማን ስም ይግባ ሲሉት ወለተማርያም አለ። ያንቺን የክርስትና ስም! እኔ ነግሬው አላውቅም። በኋላ ብጠይቀው፣ ያኔ ከባሕር ተርፈን ስንመለስ አየር ማረፊያ አንገቱን አቅፈሽ፣ ይህቺ ወለተማርያም ዛሬ ተወለደች እያልሽ ታለቅሺ ነበር አለኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ አልረሳም። እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ግን ጥላው ገባ እንጂ ያንቺ ቃል ቀርቷል። ተስፋለም ሐሙስ ደሴ ይገባል፣ የእኛ አውሮፕላን ቅዳሜ ነው። ሻንጣዬ አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ተወልደ በአጠገቡ ሲያልፍ አይቶ እንዳላየ ይሆናል፣ እኔም አልሞላሁት፣ አልዘጋሁት። እማዬ፣ በጡትሽ ይዤሻለሁ፣ ፍቺኝ። እሺ ካልሽ ኢያቄም ይደውልልኝ።

ኢያቄምን ሰላም በይልኝ፣ ሳያነብ የዘለለው ካለ እግዜር ይይለት። ባለቤቱን ሊዲያን ለላከችልኝ በርበሬ እጇን ይባርከው በይልኝ። ልጃቸውን ሉሊን ጉንጯን ሳሚልኝና ከባሕሩ ዳር ዛጎል ለቅሜ አመጣልሻለሁ ብላለች በያት።

አየሽ እማዬ፣ ዛጎል አመጣለሁ ብዬ እጄ ቀደመኝ። አልሰርዘውም። ብትፈቅጂም ባትፈቅጂም እሄዳለሁ፤ መርቀሽኝ ብሄድ ግን ባሕሩን አልፈራውም ነበር።

ልጅሽ መድኃኒት
ቂርቆስ፣ ቡልጋሪያ፣ አዲስ አበባ
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.