ልጄን ከጡቴ ለነጠሉልኝ ለሲኞር ዶቶር ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩት ለሲኞር ዶቶር፣ የሸዋ ሮቢት የጣልያን መንገድ ሥራ ሰፈር ሐኪም፤ በጎጆዬ በር ላይ ተለጥፎ ለሚያነበውም ሁሉ።

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ የቆላው ሙቀት አይንካዎ፣ ይሄ የሳል ወረርሽኝም በደጅዎ አይለፍ። እኔ ሐምዲያ ነኝ፣ ከበሽተኞቹ ጎጆ ያለሁት፣ ትኩሳቱ ከለቀቀኝ ሦስት ቀኔ ነው አልሐምዱሊላህ። የታመመች እናት አታጥባ ብለው የአምስት ወር ልጄን ራቢዓን ስለወሰዱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ፣ ጡቴ ወተት አግቶ ድንጋይ ሆኗል፣ ለመንገዱ ድንጋይ ካነሰዎ ይላኩብኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቆርቆሮ ወተቱ አመሰግናለሁ። ሕፃናቱ ተፉት፣ ድመቷ ግን ወፍራለች።

ሁለተኛ፣ የመንደራችን ፋዲላ ጤነኛ ናት ብለው የስድስታችንን ልጆች እንድታጠባ ስላዘዙልን። ደግ ሴት ናት፣ ግን በኛ ሃይማኖት ካንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም፣ እኔ ደግሞ ራቢዓን ለፋዲላ ልጅ ለሷሊሕ አጭቻት ነበር፣ አንቱ በአንድ ሳምንት እህቱ አደረጓት። የመንደሩ ሕፃን ሁሉ አሁን ያንድ እናት ልጅ ነው፣ ሲያድጉ ሙሽራ ፍለጋ አጣዬ ድረስ መሄዳችን ነውና መንገዱን ቶሎ ይጨርሱልን። ፋዲላም ባጥሩ ላይ «ያንቺ ልጅ እንደ ጥጃ ነው የምትስበው፣ ለኔው ምን ተረፈለት» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው።

ሦስተኛ፣ ምን ነበር፣ አዎ፣ አዋላጇ እትዬ አስካለ አፍሽን በሻሽ ሸፍነሽ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ አጥቢያት ብለውኝ ነበር፣ አንቱ ግን መሃይም ናት አሉ። አንቱ አፍዎን ሳይሸፍኑ ስድስቱንም ሕፃን እየሳሉ ሲያገላብጡ አይተናል፣ የተማረ ሰው ሳል አይጋባ ይሆናል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፣ ወተቴ ሳይነጥፍ ልጄን ይመልሱልኝ፣ ከነጠፈ በአዋጅ አይመለስም።

መርፌዎን፣ ጫማዎንና ዘብዎን የምትፈራ፣ ደግነትዎ የከበዳት፣ በሽተኛዎ ሐምዲያ የአደም ሚስት

የረሳሁት፦ ይህን ሳልጨርስ፣ ስሟን የማልነግርዎ፣ ሰባት ልጅ ማጥባት የመረራት አንዲት ሴት ራቢዓን በዘንቢል አድርጋ፣ ጎመን ሸፋፍናባት በዘብዎ ፊት አስገባችልኝ። ጽሕፈቴ የተጣመመው በአንድ እጅ ስለምጽፍ ነው። ሊቀጡኝ ከመጡ በሩን ቀስ አድርገው ይክፈቱ፣ ገና አሁን ጠብታ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።