ጉንጭ የሚለካው ሙቀት

ጥቅምት 6
ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ ዝናብ መጣና መልሼ ሰበሰብኩ። አጉል ቀን። ከሰዓት የባለቤቴን የሥራ ክፍል ከፍቼ አቧራ ጠረግሁ። የቀስት መወርወሪያው ደጋን እንደተሰቀለ ነው... ሳይታመም በፊት የሠራው። ቀንዱ፣ እንጨቱ፣ ጅማቱ በሙጫ ተያይዘው ደርቀዋል። አሁን በፍም ሞቆ፣ ተለምጦ፣ ገመድ የሚገባበት ጊዜ ነው። ማን ያድርገው? ቀኝ እጁ ከስትሮኩ ወዲህ አይታዘዝም፣ እሳት ቢነካው እንኳ አይሰማውም።

"ደርቋል እኮ" አልኩት ራት ላይ። ሳህኑን ገፋ አደረገው።

ጥቅምት 9
ጎረቤታችን አናጢው "እኔ ልሞክርልህ" አለው። አፈጠጠበት። ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

"ምነው፣ ለደግነቱ?"

"አንዴ ከተሰነጠቀ አለቀ። ያኔ ክፍሉን ቆልፊውና ቁልፉን ጣይው።"

ስለ ደጋኑ ብቻ ነው የሚያወራው? ፈራሁ።

ጥቅምት 15
ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። "እኔ ባሞቀውስ?"

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ... በእኔ መሆኑ ነው እንጂ።

"ድስት መሰለሽ?"

"ድስት ካሳረርኩ ስንት ዘመኔ" አልኩት። ውሸቴን ነው። ማክሰኞ አሳርሬያለሁ፣ ዝም ብሎ በልቶታል።

ጥቅምት 16
ከሰል አያያዝኩ። ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። "ሙቀቱ ከበዛ ሙጫው ይለቃል፣ ካነሰ ቀንዱ ይሰነጠቃል።" እሺ፣ ልኩን በምን ልወቅ?

"ጉንጭሽ ላይ አድርጊው።"

ክው አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ደጋን ጉንጩ ላይ ሲያደርግ የሚስመው ነበር የሚመስለኝ። "ጣውንቴ" እያልኩ ስንቱን ደጋን ሰድቤያለሁ! ለካ ሙቀት እየለካ ነው። ምነው ታዲያ አልነገርከኝም?

"ስትቀኚ ደስ ይለኝ ነበር።"

"ምን ያህል ይሙቅ?" ቃል አጣለት። "ያ... ልጃችን ትንሽ ሳለች ትኩሳት ሲጀምራት፣ ግንባሯ..."

ገባኝ። እሱንስ ማንም አያስተምረኝም።

ከፍሙ ከፍ አድርጌ ወዲያ ወዲህ አልኩት። ጉንጬ ላይ አደረግሁት። "ሞቀ?" አለኝ። "ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ።" ደግሜ ለካሁ። ሞቀ። ተንበርክኬ ስለምጠው ቀጭ የሚል ድምፅ... ሁለታችንም ትንፋሻችን ቆመ።

ጉልበቴ ነው።

ጥቅምት 17
ገመዱ ገባ። ግን የደጋኑ አንደኛው ክንድ ግትር ነው፣ ሌላው ብቻ ይጎብጣል። "ግትሩን አሙቂው፣ ደካማውን ተይው።" እሱ በግራ እጁ ይዞ፣ እኔ ተጭኜ... ቀስ... ቀስ። እኩል ሆነ። ቅርጹን እንዲይዝ ከእንጨት ጋር አሰርነው።

ጥቅምት 18
ሙሉ ቀን ስለ ደጋን ሲያወራ ዋለ። ጆሮዬ ደነቆረ። ይደንቁር።

ጥቅምት 20
ስነቃ አጠገቤ የለም። ደንግጬ ወጣሁ። የሥራ ክፍሉ ተከፍቷል። ራሱ ከፍቶ ገብቶ፣ አንድ ያልተሠራ ቀንድ በግራ እጁ ያገላብጣል።

"ለሚቀጥለው" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ደጋኑን ከእስሩ ፈታነው። ቅርጹን ይዟል። ገመዱን ሳብ አደረግሁት፣ ሁለቱም ክንድ እኩል ጎበጠ። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ያን የማይሰማውን እጁን በደህናው አንስቶ ጉንጬ ላይ አደረገው።

"ሞቀ?"

ቀዝቃዛ ነበር።

"ገና ነው" አልኩት። "ትንሽ ይቆይ።"