ምሳ በልተህ የጠጣኸው ጠበል

ውድ ይበልጣል፣

በስልክ «እሺ፣ በቃ» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው የምጽፍልህ። ወንድምህ መለሰ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበር በእሱ እጅ ይደርስሃል። ከቀዶ ጥገናው በፊት አንብበው፤ አፈር ስሆን!

ሐኪሙ የነገረንን አትረሳውም። በፈሳሽህ ውስጥ ዘር ባይታይም፣ ከዘር ፍሬህ ውስጥ ፈልጎ ጥቂት እንኳ ካገኘ ከእኔ እንቁላል ጋር በላብራቶሪ ያገናኘዋል። ላያገኝም ይችላል። አንተ ደግሞ ትናንት «ካላገኙ አልይዝሽም፤ ሌላ አግብተሽ ውለጂ» አልከኝ። ወይ ጉድ! ቤት ተከራይ አደረግኸኝ እንዴ፣ ውሉ ሲያልቅ የምታስለቅቀኝ?

ያቺን እሑድ አስባት እስቲ። እናትህ ከመካነ ብርሃን ጠበል በጀሪካን ይዘው መጡ፤ እንደተለመደው ለእኔ። ችግሩ ካንተ መሆኑን ካወቅን ቆይተን ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልነገርናቸውም። እናንተ ምሳ ስትበሉ እኔ ለጠበሉ ስል እህል አልቀመስኩም። ኩባያውን ሲያቀብሉኝ ከእጄ ነጥቀህ ግጥም አደረግኸው።

«እማ፣ በሽተኛው እኔ ነኝ። እሷ ምንም የላትም» አልክ፣ እህቶችህ ሁሉ ባሉበት።

እናትህ ደንግጠው፣ «ምነው ልጄ! እህል ቀምሰህ ጠበል ትጠጣለህ?» አሉህ። ወጡ እኮ ከጺምህ ላይ ገና አልተጠረገም! ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ያልነገርኩህ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንተ እህቶችህን ልትሸኝ ስትወጣ እናትህ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙ።

«ስንት ጊዜ በባዶ ሆድሽ አጠጣሁሽ፣ ልጄ? ምነው ዝም አልሽ?»

«ልጅዎን ስለምወደው ነው» አልኳቸው። ለአንተ እንኳ እንዲህ ብዬህ አላውቅም፤ ምላሴ ለነገር እንጂ ለፍቅር አይፈታም። ይኸው አሁን ጻፍኩት። እወድሃለሁ፣ ይበልጣል።

ልጅ አልፈልግም ብዬ አልዋሽህም። እፈልጋለሁ፤ የሰው ሕፃን በታቀፍኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ነገር ግን ያገባሁት አንተን ነው፤ ገና ያልተወለደ ልጅ አላገባሁም። ሐኪሙ ካገኘ እሰየው፣ ቀሪው የእኔ ተራ ነውና እመጣለሁ። ካላገኘም አብረን እናልቅሳለን፤ ብቻህን እዚያ ሆቴል ውስጥ እንዳታለቅስ። ከቀዶ ጥገናው ክፍል ስትወጣ ለማንም ሳትነግር ለእኔ ደውል። «ሌላ አግቢ» እንዳትለኝ። «መጣሁ፣ በር ክፈቺልኝ» በለኝ።

ሚስትህ እታገኘሁ
ጎንደር